ካንዲዳ ኦሪስ፦ መድኃኒት የማይበግረውን ፈንገስ እንዴት መለየትና መግታት ይቻላል?

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ታካሚ ጆሮ የተገኘው ካንዲዳ ኦሪስ የተባለ ፈንገስ ዛሬ ኬንያን ጨምሮ በበርካታ አገራት ሆስፒታሎች ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እጅግ አሳሳቢ ብሎ ከፈረጃቸው አራት ፈንገሶች አንዱ ነው።

ፈንገሱ ጤነኛ ሰውን እምብዛም አይጎዳም። አደጋው የሚበረታው በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሚገኙና በደም ሥራቸው ቱቦ በገባላቸው ታካሚዎች ላይ ነው። ወደ ደም ከዘለቀ ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

የመጀመሪያው ፈተና ምንነቱን ማወቅ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት የባክቴሪያ ሕመምም ምልክቶች ናቸው፤ የተለመዱ የላቦራቶሪ ምርመራዎችም ከቅርብ ዝርያዎቹ ጋር ያምታቱታል። የፈንገሱን ፕሮቲን ወይም ዘረ መል የሚለይ ምርመራ ግን ጥርጣሬውን ያጠራል።

ስሕተቱ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በሰፊው የሚታዘዘው ፍሉኮናዞል ፈንገሱን አብዛኛውን ጊዜ አይገታውም፤ ሐኪሞች በቅድሚያ የሚመርጡት በደም ሥር የሚሰጡትን ኢካይኖካንዲን የተባሉ መድኃኒቶች ነው።

ሕክምናው ብቻውን ግን አይበቃም። ፈንገሱ በአልጋና በሕክምና መሣሪያዎች ላይ ለሳምንታት ሊቆይ፣ ምልክት በሌለው ሰው ቆዳም ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ታካሚውን ለይቶ ማከም፣ እጅን ማጽዳትና ክፍሉን ክሎሪን ባለው ማጽጃ መወልወል የግድ ነው።