የሚስተር ሚያጊ ልጅ

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት «ካራቴ ኪድ» በታየ ቁጥር ባለቤቱ አንድ ቦታ ሲደርስ ፎርዋርድ ያደርገው ነበር። ቦታው ጠብ የለበትም። ሽማግሌው የወታደር ልብሱን ለብሶ፣ ሰክሮ ይዘፍናል፤ ደግሞ ያለቅሳል። እኛ አግዳሚው ላይ ተጣብበን የተቀመጥነው ለእርግጫው ነው የመጣነው፤ እንግሊዝኛውም አይገባንም። «እለፈው!» ብለን እንጮሃለን፣ እሱም ያልፈዋል። ምስሉ በነጭ መስመር ተሸነታትሮ ሽማግሌው በሩጫ ሲያለቅስ፣ በሩጫ ሲተኛ እናያለን። ከዚያ ወደ ካራቴው።

ዛሬ የፊልሙ ወዳጆች ስለ ሚስተር ሚያጊ ቤተሰብ የሚሉትን ስሰማ ያ ቪዲዮ ቤት በየአገሩ ቅርንጫፍ የነበረው ይመስለኛል። አንዱ «ወንደላጤ ነበር፣ ትዳር የሚባል አያውቅም» ይላል። ሌላው «ኦኪናዋ ትቶት የመጣ ልጅ አለው» ብሎ ይምላል። ሦስተኛው «ሚስትና ልጁን በመኪና አደጋ ነው ያጣው» ይላል። ተዋናዩን ከገጸ ባሕርዩ ጋር አንድ አድርጎ «ሰውየው ራሱ ከጃፓን የመጣ የካራቴ መምህር ነው» የሚለውማ ብዙ ነው። ሁሉም ተሳስተዋል፤ ግን ስሕተታቸው እኩል አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወንደላጤነቱ እንጀምር። የ1984ቱን ፊልም ላላዩ ወይም ለረሱ፦ ዳንኤል የሚባል ጎረምሳ ከእናቱ ጋር ወደ ሎስ አንጀለስ ይዛወራል፤ የሰፈሩ ካራቴኞች ሲደበድቡት የሚኖሩበት ሕንፃ ጠጋኝ የሆነው ሽማግሌ ያስጥለዋል፤ ከዚያም መኪና በሰም እያስወለወለ፣ አጥር እያስቀባ ካራቴ ያስተምረዋል። ሽማግሌው ሚያጊ ብቻውን ነው የሚኖረው። ቦንሳይ ይከረክማል፣ አሮጌ መኪና ይሰበስባል። ስለ ቤቱ አይናገርም። ሰው ዝም ሲል ዝምታውን የሚሞላለት ስለማይጠፋ «ማንም የሌለው» ተባለ።

ያ ፎርዋርድ ይደረግ የነበረው ቦታ ግን ሁሉንም ይናገራል። ዳንኤል በፍቅረኛው ጉዳይ አኩርፎ በምሽት ወደ ሽማግሌው ቤት ይሄዳል። ሚያጊ መለዮውን ለብሶ እየጠጣ ነው። የሚያከብረው የጋብቻ በዓል ነው፣ ግን ከጎኑ ሚስት የለችም። ፎቶዋን ያሳየዋል። የተዋወቁት ሃዋይ፣ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ ነው፤ በአገዳ ቆረጣ የሚያህላት እንዳልነበረ ይነግረዋል። ስለ ሚስቱ ከቁንጅናዋ ይልቅ በሥራዋ የሚኮራ ባል፤ ይህቺን ነገር ጸሐፊው ከየት እንዳመጣት ባላውቅም ከእኔ አልወጣችም። ከዚያ ሽማግሌው ይደክማል። ልጁ ሲያስተኛው አንድ ወረቀት ያገኛል፤ ኅዳር 2 ቀን 1944 በማንዛናር የግዞት ሰፈር ሚስቱና ገና የተወለደው ሕፃን በወሊድ ችግር መሞታቸውን የሚገልጽ።

በእኛ አገር ይህ መርዶ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር አንኳኩቶ፣ ቃሉን ማን ያውጣው ተባብሎ የሚያረዳው። ሚያጊን ያረዳው ወረቀት ነው፤ እሱም ጦር ሜዳ ላይ ሳለ። የሚጠጣው ለጋብቻው ቀን ቢሆንም ሲያዩት ሙት ዓመት ነው፤ ያለ ተዝካር፣ ያለ እድር፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያወጣው ሙት ዓመት።

የቪዲዮ ቤታችንን ባለቤት ብቻ መውቀስም አይገባም። የፊልሙ ኩባንያ ሰዎችም ይህ ክፍል ታሪኩን ያዘገየዋል ብለው እንዲቆረጥ ፈልገው ነበር። ዳይሬክተሩ ጆን አቪልድሰን እምቢ በማለቱ ተረፈ። አቪልድሰን በ«ሮኪ» ኦስካር የወሰደ ሰው ነው፤ የቡጢ ፊልም ከቡጢው በፊት ሰውየውን ማሳየት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ወንደላጤ የሚለው በዚህ ይዘጋል። ይሁንና ወረቀቱን ከታሪክ ጋር ስናስተያየው የማይገጥም ስፌት አለ፤ መላምቱም ሁሉ የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ሚያጊ ያገለገለው በ442ኛው ሬጅመንት ነው፤ በ1943 ከጃፓናውያን ተወላጆች የተቋቋመ፣ ከጀርመን ጋር አውሮፓ ውስጥ የተዋጋ እውነተኛ ጦር። የተቋቋመው ግን አሜሪካ ተወልደው ዜግነት ላላቸው ልጆች ነው። ሚያጊ ደግሞ የኦኪናዋ ተወላጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጃፓን የተወለደ ሰው የአሜሪካ ዜግነት እንዳያገኝ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1952 ነው። ሜዳሊያውም እንዲሁ ነው። ከወረቀቱ ጋር የምናየው የአገሪቱ ከፍተኛ የጀግና ሜዳሊያ ፊልሙ ሲወጣ ከ442ኛው ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ነበር፤ እሱም ከሞተ በኋላ። ሃያ የሚሆኑ የዚያ ጦር ሰዎች ይኸው ሜዳሊያ የተሰጣቸው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2000 ነው። ፊልሙ እዚህ ላይ ከመንግሥት ቀድሟል።

የወረቀቱ ቀን ግን ከታሪክ ጋር ይገጥማል፤ ያስደነግጣልም። 442ኛው ጥቅምት 30 ቀን 1944 ፈረንሳይ ውስጥ፣ በቮዥ ተራራ ጫካ፣ ጀርመኖች ከበዋቸው የነበሩ ከ200 በላይ የቴክሳስ ወታደሮችን ሰብሮ አወጣ። በዚህ ውጊያ ከራሱ 800 የሚሆን ሰው ሞቶበታል ወይም ቆስሎበታል። ማንዛናር ያለችው ሚስት የሞተችው በሦስተኛው ቀን ነው። ፊልሙ ሚያጊ በየትኛው ግንባር እንደነበረ አይነግረንም። ቀኑን ብቻ ጽፎ ይተወዋል።

ወደ ድብቁ ልጅ እንሂድ። ይህ መላምት ምንጩ የ1986ቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሚያጊ አባቱ ታሞ ወደ ኦኪናዋ ይመለሳል፤ ወጣት ሳለ የወደዳት ዩኪኤ እዚያው አለች። ቤተሰቦቿ ለቅርብ ጓደኛው ለሳቶ ሊድሯት ስለነበር፣ ከጓደኛው ጋር ከመዋጋት አገር ጥሎ መሄድን መረጠ። እሷም ሳታገባ ጠበቀች። ከዩኪኤ ጋር የምትኖር ኩሚኮ የምትባል ወጣት አለች፣ የእህቷ ልጅ። የእኛም ሰው ቢሆን ይጠረጥራል፤ «የእህት ልጅ» ሲባል ዐይኑን ጠቀስ የሚያደርግ አጎት በየቤቱ አለ። ሒሳቡ ግን እሺ አይልም። ሚያጊ ከኦኪናዋ የወጣው ከዓለም ጦርነቱ በፊት ነው፤ ኩሚኮ በ1980ዎቹ አጋማሽ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ናት። ልጁ ብትሆን ኖሮ ዳንኤል የሚያሽኮረምማት ሴት አርባ ዓመት ያለፋት በሆነች ነበር።

በ2018 የተጀመረው «ኮብራ ካይ» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም በዚህ እሳት ላይ ጭድ ጨመረ። ዳንኤል ጎልማሳ ሆኖ ኦኪናዋ ሲሄድ ኩሚኮ ሚያጊ ለዩኪኤ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ታነብለታለች። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በሽማግሌው ቤት ውስጥ የተደበቀ ሳጥን ተገኘ። ሳጥን በተገኘ ቁጥር ተመልካቹ የልደት ወረቀት ነው የሚጠብቀው። የወጣው ግን ሚያጊ በወጣትነቱ ይሳተፍበት ከነበረ የካራቴ ውድድር የቀረ የራስ ማሰሪያና ያልተናገረው የወጣትነት ጣጣ ነው። ልጅ አልወጣም። ተከታታዩ በ2025 ሲያልቅም አልወጣም። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ሽማግሌው እንደ ልጅ የሚያነሣው ሰው ካለ፣ ያው አጥር ያስቀባው ዳንኤል ነው።

የመኪናው አደጋ በአጭሩ ያልቃል። እሱ ሚያጊ አይደለም፣ ሚስተር ሃን ነው። በ2010 የወጣው፣ ቤጂንግ የተቀረጸው ፊልም ላይ ጃኪ ቻን የተጫወተው ሰው። ሃን ሚስቱንና ልጁን በመኪና አደጋ አጥቷል፤ መኪናዋን በየዓመቱ ይጠግናታል፣ ቀኑ ሲደርስ ይሰባብራታል። ያ ቦታ የተሠራው በሚያጊ ስካር አምሳል ስለሆነ ሁለቱ በሰው ትዝታ ውስጥ ቢቀላቀሉ አይገርምም። የእኔ ታናናሾች የሚያውቁት ሃንን ነው፤ ክርክሩ የሚነሣውም በዕድሜ ልዩነት ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ላንሣ፤ ይህኛው ስለ ገጸ ባሕርይ ብቻ አይደለምና። «ሚስቱ እስረኛ ከነበረች እኮ የጠላት ሰላይ ነበረች ማለት ነው፤ ምስጢሩም እሱ ነው» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ማንዛናር የጦር ምርኮኛ ወይም የሰላይ እስር ቤት አልነበረም። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የካቲት 19 ቀን 1942 በፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 9066 መነሻነት በምዕራብ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ 120,000 ያህል የጃፓን ዘሮች ከቤታቸው ተነሡ። በእጃቸው መያዝ የቻሉትን ይዘው በአሥር የግዞት ሰፈሮች ታጎሩ። ከሦስቱ ሁለቱ እዚያው የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ። ሃዋይ ላይ ግን አብዛኛው ጃፓናዊ አልታሰረም፤ የደሴቶቹ ጉልበት እሱ ነበርና። አገዳ ቆራጯ ሙሽራ ባሕሩን ተሻግራ ካሊፎርኒያ ባትኖር ኖሮ ማንዛናርን ላታይ ትችል ነበር።

ማንዛናር በስፓኒሽ የፖም እርሻ ማለት ነው። ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሥር ያለ፣ ነፋሱ አቧራ የሚነዛበት በረሃ ነው። ከ10,000 በላይ ሰው ከሽቦ ጀርባ በእንጨት ሰፈር ኖሮበታል፤ 541 ሕፃናት ተወልደውበታል። እስረኞቹ በ1943 መቃብሩ ላይ ያቆሙት ነጭ የመታሰቢያ ሐውልት ዛሬም አለ። የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀውና በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ለመክፈል ሕግ ያወጣው በ1988 ነው፤ ሽማግሌው በሲኒማ ሰክሮ ካለቀሰ ከአራት ዓመት በኋላ።

የቀረው «ሰውየው ራሱ የካራቴ መምህር ነው» የሚለው ነው። የሚያጊ ስም በርግጥ ከእውነተኛ ሰው የመጣ ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ሮበርት ማርክ ኬመን ራሱ የኦኪናዋ ካራቴ ተማሪ ነበር፤ ስሙን የወሰደው ጎጁ ሪዩ የተባለውን ስልት ከመሠረቱት ከቾጁን ሚያጊ ነው። እሳቸው በ1953 ነው ያረፉት።

ተዋናዩ ፓት ሞሪታ ግን ከጃፓን አልመጣም፤ የካራቴ መምህርም አልነበረም። ከባዱን የካራቴ እንቅስቃሴ የሠራለት ፉሚዮ ዴሙራ የተባለ እውነተኛ መምህር ነው። ያ የተሰባበረ እንግሊዝኛም ትወና ነው። ሞሪታ በ1932 ካሊፎርኒያ ተወልዶ፣ በእንግሊዝኛ አፉን ፈትቶ፣ በቀልድ መድረክ ኑሮውን የገፋ ሰው ነው። መጀመሪያ «ኮሜዲያን ለዚህ አይሆንም» የተባለውም ለዚህ ነው። በሕፃንነቱ የአከርካሪ ቲቢ ይዞት ዓመታትን በሆስፒታል አልጋ አሳልፏል፤ አትራመድም ተብሎ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ቆሞ መሄድ ሲችል የወሰዱት ግን ወደ ቤቱ አልነበረም። ቤተሰቡ ወደሚገኝበት፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ ወዳለው የጊላ ሪቨር የግዞት ሰፈር ነው። ስለዚህ ያን የስካር ትዕይንት ስታዩ የምታዩት የግዞት ሰፈርን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያጊን ቤተሰብ ምስጢር ፍለጋ ኦኪናዋ ድረስ የሚሄዱ ሰዎች ይህን ትተው ሲያልፉ እገረማለሁ።

ሞሪታ በዚህ ሥራው ለምርጥ ረዳት ተዋናይ ኦስካር ታጨ። በመጋቢት 1985 ሽልማቱን የወሰደው ግን ሃይንግ ኞር ነው፤ በሙያው የማሕፀንና የወሊድ ሐኪም የነበረ ካምቦዲያዊ። በክመር ሩዥ ዘመን የተማረ ሰው ይገደል ስለነበር ሐኪምነቱን ደብቆ በጉልበት ሥራ ሰፈር ይኖር ነበር። ሚስቱ እዚያው ምጥ ይዟት ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም።