ጀነሬተሩ ለምን አልነሳም አለ?

መብራት ጠፍቷል። የሱቁ ትንሽዬ የቤንዚን ጀነሬተር ግን ገመዱ ቢሳብ፣ ቢሳብ አልነሳም ብሏል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተት ጊዜ አይሰጥም። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ምክር አለው፤ አንዱ «ካንዴላው ነው!» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ካርቡራተሩ ነው!» እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

የቤንዚን ሞተር ለመነሳት አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ነዳጅ፣ አየር፣ ብልጭታ እና ጭመቃ። ነዳጅና አየር ተቀላቅለው ይገባሉ፣ ፒስተኑ ይጨምቃቸዋል፣ ካንዴላው ብልጭ ይልባቸዋል፣ ድብልቁ ሲቃጠል ፒስተኑን ይገፋዋል። ሞተሩ አልነሳ ካለ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ስለዚህ ከመገመት ይልቅ ከቀላሉ ወደ ከባዱ አንድ በአንድ መፈተሽ ይሻላል።

በመጀመሪያ በዓይን የሚታየው

ማብሪያው በርቷል? የነዳጁ መክፈቻ ተከፍቷል? ቤንዚንስ አለው? ዘይቱንም እዩ። ብዙ ትንንሽ ጀነሬተሮች ዘይት ሲያንስ ሞተሩ እንዳይበላሽ ብልጭታውን የሚያቋርጥ መጠበቂያ አላቸው። ጀነሬተሩ ዘመም ብሎ ከቆመ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ይኼ መጠበቂያ ሊሳሳት ይችላል። እናም ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት።

ነዳጅ

ቤንዚን አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። ለወራት ሲቀመጥ ቀድመው የሚተኑት ቀዝቃዛ ሞተርን ለማስነሳት የሚጠቅሙት ቀላሎቹ ናቸው። የቀረው ደግሞ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሙጫ መሰል ነገር ይሆንና የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር የጠበበ ስለሆነ ለመደፈን ትንሽ ይበቃዋል። መብራት ሳይጠፋ ሲሰነብት የተረሳ ጀነሬተር በችግር ቀን እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አየር

አቧራ የጠጣ የአየር ማጣሪያ ሞተሩን ያፍነዋል። ከፍታም ለውጥ ያመጣል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ቾክም አየር በመቀነስ ቤንዚን ስለሚያበዛ የሚጠቅመው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የቤንዚን ሽታ ከበረታ ገመዱን መሳብ አቁሙና ቾኩን መልሳችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ብልጭታ

በገመድ የሚነሳው ጀነሬተር ብልጭታውን ከባትሪ አይወስድም። ገመዱ ሲሳብ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ይሽከረከርና ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው ሕግ መሆኑ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ተፈጥሮ በካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍተት ይዘላል። ገመዱ በዝግታ ከተሳበ ግን ብልጭታው ይደክማል።

ካንዴላው ራሱም መረጃ ይሰጣል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ አዋቂ ሰው ይፍታው። ብዙ ጊዜ ከተሳበ በኋላም ደረቅ ከሆነ ነዳጅ እየደረሰ አይደለም። በቤንዚን ከራሰ ነዳጁ ደርሷል፣ ያልተቃጠለው ግን ወይ ብልጭታ ጠፍቶ ነው፣ ወይ ቤንዚን በዝቶ። ቤንዚን ባለበት ብልጭታ መሞከር እሳት ስለሚያስነሳ ይህን ለመካኒክ ተዉት።

ጭመቃ

ገመዱ ምንም ሳይታገል ሳብ ሲደረግ ከመጣ፣ መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉት ጭመቃ የለም ማለት ነው። ቫልቭ ወይም የፒስተን ቀለበት ተበልቶ ይሆናል።

በፍተሻው ወቅት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ማጣሪያውንም ካንዴላውንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ችግሩ የቱ እንደነበር አታውቁም።

ሲነሳ ደግሞ

ጭሱ ውስጥ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ዝናብ ቢሆንም እንኳ ጀነሬተርን ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ አታስነሱ፤ መስኮት መክፈት አይበቃም። ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቁም። ጀነሬተር አጠገብ ያለ ሰው ራሱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡትና ሐኪም ጋ አድርሱት።