የካሉብ ጋዝና የቧንቧው ፖለቲካ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በቀራንዮ ማደያዎች የሚቀዳው ነዳጅ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ የሚመጣ ነው። በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ ጋዝ ግን፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቢታወቅም፣ ለአሥርት ዓመታት ከምድር ሳይወጣ ቆይቷል። ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ ባደረሰው ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከግንባሩ ጋር የሰላም ስምምነት ተደረሰ፤ በየካቲትም ኢትዮጵያና ጅቡቲ ስለ 767 ኪሎ ሜትር የጋዝ ቧንቧ ተፈራረሙ። ቧንቧው ግን አልተዘረጋም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘውን ግብር የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ገቢ ያደርገዋል። ከዚህ ውስጥ ጋዙ በሚወጣበት ምድር ለሚኖረው አርብቶ አደር ምን ያህል እንደሚደርስ ግን አንቀጹ አይወስንም። የቧንቧው ደኅንነት የሚጸናው ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ሲመለስ ነው።