ስለ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር የፕላስቲክ ማርሽ

ከባሕር ዳር በዘንዘልማ በኩል ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ምን ያህል ከነጂው ዓይን እንደሚሰወር፥ በግብርናው ኮሌጅ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ሰዓት መጥረጊያው የቆመ እንደሆነ ተሳፋሪው ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ ከመዳፍ የማይበልጥ የፕላስቲክ ማርሽ ይሆናል። ታዲያ ባለንብረቱ ሙሉ ሞተር ሳይገዛ ማርሹን ብቻ ሊለውጥ ይችላልን? እኛ ይችላል ባዮች ነን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ እንደ ቡሎን ክር የተጠማዘዘ ብረት ሲሆን፥ ማርሹን የሚያዞረው እርሱ ነው። ክሩ አንድ፥ የማርሹ ጥርስ 60 የሆነ እንደሆነ፥ ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር ማርሹ 40 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ጉልበቱ ይበረታል።

ሞተሩ እየጮኸ መጥረጊያው ካልተንቀሳቀሰ ማርሹ መበላቱን እንጠርጥር፤ ድምፅ ከሌለው ግን ፊውዙንና ሽቦውን መመርመር ይቀድማል። ሞተሩን ከመፍታት በፊትም የክንዱን ዳዶ ማየት ያሻል፤ እርሱ ላልቶ ሲያሾልክ ማርሽ የተበላ ይመስላልና።

ብዙ ሰው ማርሹን በቶርኖ ቤት ከነሐስ ማስቀረጽ ይወዳል። ነሐስ ከብረት ጋር በመልካም እንደሚስማማ አንክድም። ነገር ግን መጥረጊያው በደረቀ ጭቃ ተይዞ እምቢ ሲል፥ ቀድሞ የሚሰበረው ፕላስቲኩ በመሆኑ የቀረውን ያድናል፤ ነሐሱ አልሰበር ሲል ጭነቱ ወደ ክንዶቹና ወደ ሞተሩ መጠምጠሚያ ይተላለፋል፤ የተቃጠለ ሞተር ደግሞ ከማርሽ ይልቅ ውድ ነው። ጥርሱም ዘንበል ያለ ስለሆነ ቀጥ አድርጎ የቀረጸው ባለሙያ ማርሹ በአንድ ነጥብ ብቻ እንዲነካና ቶሎ እንዲበላ ያደርገዋል።

ስለዚህ ከአሮጌ ሞተር የተፈታ ያልተበላ ማርሽ፥ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፥ መፈለግ ይሻላል። አሮጌውን ይዞ ሄዶ የጥርሱን ቍጥር፥ ስፋቱንና የዘመመበትን አቅጣጫ ማመሳከር ነው። በአገር ውስጥ ከናይለን የሚቀረጽ ከሆነ ግን አንድ ነገር ይታሰብ፤ ናይለን ውሃ ውስጥ ቢቈይ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ይጠጣና ያብጣል፤ አለቅጥ ተጣብቆ የተገጠመ ማርሽ በክረምት ይነክሳል። አሴታል የሚባለው ፕላስቲክ የሚጠጣው እጅግ ጥቂት ነው።

ሲገጠም ባትሪው ይፈታ፤ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ የተቀላቀለበት አሮጌ ግራሶ ጨርሶ ይጠረግ፤ የደረቁት የክንድ መጋጠሚያዎችም ግራሶ ያግኙ፤ ይህ ካልተደረገ አዲሱም እንደ አሮጌው ይበላል። በማርሹ ፊት ላይ ያለችው ቀጭን የመዳብ ሳህን ማብሪያው ሲዘጋ መጥረጊያውን ወደ ታች መልሳ የምታቆም ናት፤ በነበረችበት አኳኋን ካልተመለሰች መጥረጊያው በመስታወቱ መካከል፥ በነጂው ዓይን ፊት ይቆማል።