ቆላ ወርዶ ለተመለሰ ቤተሰብ፦ ከሳምንት በኋላ የሚመጣውን ትኩሳት አይናቁት

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ መኪና ተከራይቶ ለአንድ ሳምንት ከከተማ ወጣ ለማለት የሚያቅድ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ ደግሞ የደቡቡ መንገድ ከደጁ ይጀምራል። ከአየር ጤና ተነስቶ በዓለም ገና ታጥፎ፣ ጢያን፣ ቡታጅራን፣ ሆሳዕናንና ወላይታ ሶዶን አልፎ አርባ ምንጭ ይገባል። ለመስቀል ወደ ጉራጌ፣ ወደ ወላይታና ወደ ጋሞ የሚጓዘው ዘመድ ጠያቂም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ለጉዞው ስንቁ፣ ልብሱ፣ የመኪናው ጎማና ነዳጅ ይታሰባል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወባ ነው። አየር ጤናና አካባቢዋ ከ2ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ወባ የዕለት ተዕለት ስጋታቸው አይደለም። አርባ ምንጭ ግን 1ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ናት። በሀገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2ሺህ ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ ዋናው የስርጭት ወቅት ደግሞ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ነው። ሰው ለሽርሽር የሚመርጠውም ይህንኑ ወቅት ነው። ወደ ጣና ደሴቶች ለሚሄዱም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሐይቁ 1ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ቢሆንም ወባ በአካባቢው አለ።

አባቶቻችን ቆላ ሲወርዱ «ንዳድ» ብለው የሚፈሩት ይህንኑ በሽታ ነበር። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ በመያዙ ሰውነቱ በከፊል ይለምደዋል። ደጋ ያደገ ግን ያ መከላከያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ወደ ወይና ደጋው ሲወጣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150 ሺህ ገደማ እንደሞቱ ይገመታል። ጊዜው ያለፈበት ታሪክ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎች መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል።

እንግዲህ አይሂዱ ለማለት አይደለም። የጫሞን አዞዎች በጀልባ ሄዶ ማየት፣ ዶርዜ ወጥቶ ቆጮ በዳጣ መቅመስ ለልጆች ትልቅ ትዝታ ነው። ዶርዜ ደጋ በመሆኑ እዚያ የሚያድር ሰው ከትንኝ ይልቅ ስለ ብርድ ቢያስብ ይሻለዋል። ስጋቱ ያለው ታች፣ ሐይቁ አካባቢ ነው።

ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ቀን ላይ ሐይቅ ዳር መዋል ብዙም አያሳስብም፤ ጀንበር ስትጠልቅ ውጭ ተቀምጦ ዓሣ እየበሉ ማምሸት ግን ያሳስባል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ መልበስ፣ ባልተሸፈነው ገላ ላይም «ዲት» የተባለው ንጥረ ነገር ያለበትን የትንኝ መከላከያ መቀባት ያስፈልጋል። ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን ቅባቱ አይሆንም፤ እሱን በአጎበር መከለል ነው። የመኪናውንም መስኮት ሲመሽ መዝጋት አይርሱ። ነጭ ሽንኩርት የበላ ወይም አረቄ የቀመሰ ትንኝ አትነክሰውም የሚባለውን ባናምነው ይሻላል።

ሆቴል ሲይዙ ከቴሌቪዥኑ በፊት አጎበሩን ይመልከቱ። ቀዳዳ እንደሌለው አይተው፣ ጫፉን ፍራሹ ስር ወትፈው ይተኙ። እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዳይረሳ አደራ እንላለን፤ ሾፌሩ። መኪና ከነሾፌሩ የሚከራዩ ቤተሰቦች ጥሩ አልጋ ይዘው ሲያድሩ፣ እሱ መኪናው ውስጥ ወይም አጎበር በሌለው ርካሽ ክፍል የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው። ነውሩ ይቅርና፣ ሌሊቱን በቢንቢ ሲበላ ያደረና እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው በማግስቱ ልጆችዎን ይዞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። በየሁለት ሰዓቱ ቆም ብሎ እግር ማፍታታት ለእሱም ለተሳፋሪውም ይበጃል። ከብት በሚበዛበት መንገድ በጨለማ አለመጓዝ፣ ከኋላ የሚቀመጡትም ቀበቶ ማሰራቸው፣ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ሕፃን ለደቂቃም ብቻውን አለመተው የግድ ነው። ሐይቅ ገብቶ መዋኘትንም ይተዉት። አዞው ቢቀር ቢልሃርዚያ አለ።

አስቀድሞ የሚወሰድ የወባ መከላከያ መድኃኒትም አለ። አንዳንዱ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ ሌላው አንድና ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የሚጀመር ሲሆን፣ ሁሉም ከተመለሱም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። ስለዚህ የትኛው ለማን እንደሚሆን ሐኪም ይወስን። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለዎት፣ ጉዞውን ወደ ደጋ ማዞር ወይም የስርጭቱ ወቅት እስኪያልፍ ማቆየት ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ከተመለሱ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ቢያንስ ሰባት ቀን ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ትኩሳቱ የሚመጣው መኪናው ተመልሶ፣ ሂሳቡ ተዘግቶ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ጉዞው ሲረሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ መጀመሪያ ከሰው አፍ የሚወጣው «ታይፎይድ ይሆናል» የሚለው ነው። ታማሚው የሄደበትን ካልተናገረ ሐኪሙም ወባን ላያስብ ይችላል። በዚህ መሀል የሚያልፉት ቀናት አደገኛ ናቸው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ሕክምና ካላገኘ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ አንጎል፣ ወደ ኩላሊትና ወደ ከባድ የደም ማነስ ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ትውከት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በሩን ሲገቡም «ቆላ ሄጄ ነበር» ይበሉ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ውጤቱ ነፃ ቢልና ትኩሳቱ ባይለቅ፣ በማግስቱ እንደገና መመርመር ነው። ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም መጥባት ካቆመ ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ጎረቤት የተረፈውን ኮአርተም ውሰዱ ቢልዎት አይቀበሉ። መድኃኒቱ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ግማሹ አያድንም። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ፕሪማኩዊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀናት ይታዘዛል። ይህኛው ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሌላው ታማሚ ግን በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም የለበትም።