ጎብኚን ለመጠየቅ የመንግሥት ፈቃድ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ልምድ



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርእስ ሲሰሙት ደረቅ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። በአሜሪካ አንድ ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎቹን «ለምን መጣችሁ? ምን አስደሰታችሁ? ምንስ አስከፋችሁ?» ብሎ በመጠይቅ ለማጥናት ሲፈልግ፣ ዋሽንግተን ከሚገኘው የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ክፍል አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ይህ ሥርዓት ከምን እንደ መነጨ፣ እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚያስከፍል አስረዳለሁ። በመጨረሻም የራሴን አቋም እገልጣለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ የቢሮ ጉዳይ በስተጀርባ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ መንግሥት ሲወስን የማንን ድምፅ ይሰማል? የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከታሪኩ ልጀምር። የአሜሪካ መንግሥት ከዜጎቹ የሚሰበስበውን መረጃ በማእከል ለመቆጣጠር የሞከረው በ1942 በወጣ ሕግ ነው። ጊዜው የጦርነት ዘመን ነበር። መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው ቅጽ ያሳትማሉ፤ ነጋዴው ተመሳሳይ ጥያቄ ለተለያዩ ቢሮዎች ደጋግሞ ይመልሳል። የ1942ቱ ሕግ ግን ብዙ ክፍተት ነበረበት። ስለዚህ በ1980 የወረቀት ሥራ ቅነሳ ሕግ የሚባለው ወጣ፤ በ1995ም ተሻሽሎና ተጠናክሮ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን መልክ ያዘ። አስፈጻሚው በአስተዳደርና በጀት ጽሕፈት ቤት ሥር ያለው የመረጃና የደንብ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ነው።

የሕጉ መሠረተ ሐሳብ ቀላልና ክቡር ነው። የዜጋ ጊዜ የሕዝብ ሀብት ነው፤ መንግሥት ግብር ሲጥል በሕግ እንደሚገደብ ሁሉ፣ የዜጋን ደቂቃዎች ሲወስድም መገደብ አለበት ይላል። ስለዚህ ሕጉ «ጫና» የሚለውን ቃል በሰዓት ይለካዋል። ለምሳሌ አንድ ፓርክ አራት መቶ ሰዎችን በነፍስ ወከፍ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚወስድ መጠይቅ ሊያስሞላ ካሰበ፣ በማመልከቻው ላይ አንድ መቶ ሰዓት የሕዝብ ጊዜ እንደሚወስድ ይጽፋል። የመቶው ሰዓት ዋጋም በገንዘብ ተሰልቶ ይቀርባል።

ይህን ሕግ ከምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሥራ ጋር እንዳናምታታው አደራ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚጠይቀው «ተሳታፊው ይጎዳልን? ፈቃዱንስ በዕውቀት ሰጥቷልን?» ብሎ ነው። የወረቀት ሥራ ቅነሳ ሕግ ግን «መንግሥት ይህን ማወቅ በእርግጥ ያስፈልገዋልን? ከሌላ ቦታ ሊያገኘው አይችልምን? የሚያገኘውስ መልስ ይታመናልን?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ፈቃድ ሌላውን አይተካም፤ ከመንግሥት ጋር የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሁለቱንም ሊጠየቅ ይችላል።

አሁን ሕጉ የሚነካውን እንለይ። ፈቃድ የሚያስፈልገው አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ለአሥር ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲያቀርብ ነው። መልስ መስጠቱ በፈቃደኝነት ቢሆንም ግዴታው አይቀርም። ቃል በቃል በአፍ መጠየቅ፣ ወረቀት ማስሞላት፣ በኢንተርኔት ማሰባሰብ ሁሉም እኩል ናቸው። ረቂቅ መጠይቅ የሚፈትኑ ሰዎች ተጠያቂዎቻቸውን ዘጠኝ ላይ የሚያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባይጠይቅም «ካስጠየቀ» ተጠያቂ ነው። ፓርኩ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋውሎ ጥናቱን ቢያሠራ፣ ፈቃዱ ግድ ነው። በአንጻሩ አንድ ተማሪ በራሱ ሐሳብ ተነሥቶ፣ መንግሥት ሳያዝዘውና መጠይቁን ሳያጸድቅለት የሚያደርገው ጥናት በዚህ ሕግ አይያዝም፤ ከፓርኩ የሚያገኘው የምርምር ፈቃድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሕጉ ውጭ የሆኑ ነገሮችም አሉ፤ ኋላ ስለምመለስባቸው ልብ በሉልኝ። የፓርኩ ሠራተኛ ቆሞ በዓይኑ ያየውን መመዝገብ ይችላል፤ መኪና መቁጠር፣ በአንድ ዱካ ላይ ስንት ሰው እንዳለፈ መጻፍ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሕዝባዊ ስብሰባ ጠርቶ ማወያየትም እንዲሁ። ደግሞም «በዚህ ዕቅድ ላይ አስተያየት ያላችሁ ጻፉልን» ብሎ ለሁሉም በጅምላ ጥሪ ማድረግ ነጻ ነው።

የፈቃዱ ጉዞ ይህን ይመስላል። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በቅድሚያ መጠይቁን፣ የናሙና አወሳሰዱንና የጫና ስሌቱን ያዘጋጃል። ከዚያ ፌዴራል ሬጅስተር በተባለው የመንግሥት ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያወጣና ሕዝቡ በስልሳ ቀን ውስጥ አስተያየት እንዲሰጥ ይጋብዛል። አስተያየቱን አይቶ ካስተካከለ በኋላ ሰነዱ ወደ አስተዳደርና በጀት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሕዝቡ ሌላ ሠላሳ ቀን ያገኛል። ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻውን ለመመርመር ስልሳ ቀን ይፈቀድለታል። ፈቃዱ ሲሰጥ መጠይቁ የመቆጣጠሪያ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ይታተምበታል፤ ዕድሜውም ከሦስት ዓመት አይበልጥም። ይህ ቁጥር የዜጋው ጋሻ ነው፤ ሕጋዊ ቁጥር የሌለውን የፌዴራል ቅጽ ባለመሙላቱ ማንም ሊቀጣ እንደማይችል ሕጉ ደንግጓል።

ገምጋሚዎቹ የሚያዩት የገጹን ብዛት ብቻ አይደለም። የአስተዳደርና በጀት ጽሕፈት ቤት በ2006 ባወጣው የስታቲስቲክስ መለኪያ መሠረት፣ ከተመረጡት ሰዎች መካከል የሚመልሱት ከመቶ ሰማንያ በታች እንደሚሆኑ ከተገመተ፣ መሥሪያ ቤቱ ዝም ያሉት ሰዎች ከመለሱት የሚለዩበትን መንገድ የመመርመር ዕቅድ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ጥሩ የፓርክ ጥናት መጠይቁን ከመስጠቱ በፊት ለእያንዳንዱ ቡድን ጥቂት ነገሮችን ይመዘግባል፤ በቡድኑ ውስጥ ስንት ሰው አለ? በምን መጓጓዣ መጣ? መጠይቁን የመለሱትና ያልመለሱት በእነዚህ ነገሮች ላይ ሲነጻጸሩ የአድልዎው መጠን በከፊል ይታያል። እኔ ይህን የሥርዓቱ ትልቁ በረከት ነው እላለሁ። የተመራማሪውን ስንፍና የሚከለክል፣ ከውጭ የሚመጣ ጥብቅ አንባቢ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንሂድ። ቀኖቹን ደምሩ፤ ዝግጅቱ ሳይታሰብ ማስታወቂያዎቹና ግምገማው ብቻ ወራትን ይበላሉ። ፓርክ ደግሞ ወቅት አለው። በብዙ ተራራማ ፓርኮች ጎብኚው በሐምሌና በነሐሴ ይጎርፋል፤ በጥር ዱካው በበረዶ ይሸፈናል። ፈቃዱ በመስከረም ቢደርስ ተመራማሪው ያጣው ዓመት ነው።

መዘዙን በምሳሌ ላሳይ። በዩታ ግዛት የሚገኘው ዛዮን ፓርክ፣ ጠባቡ ሸለቆ በመኪና ስለ ተጨናነቀ ከ2000 ጀምሮ ጎብኚዎችን በአውቶቡስ ያመላልሳል። በዚያው ግዛት የሚገኘው አርችስ ፓርክ ደግሞ በሩ እየሞላ መዝጋት ስለ በዛበት በ2022 አስቀድሞ ሰዓት የማስያዝ ሥርዓት ጀመረ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ቆጣሪ መሣሪያ ስንት መኪና እንደ ገባ ይነግረናል። ከበር የተመለሰችው እናት ከየት እንደ መጣች፣ ኢንተርኔት ላይ ቀጠሮ መያዝ ትችል እንደ ሆነ፣ ሁለተኛ ትመጣ እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። በ2016 በመላው የፓርኮች ሥርዓት ወደ 331 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉብኝት ተቆጥሯል፤ ይህ የጉብኝት ቁጥር እንጂ የሰዎች ቁጥር አይደለም፤ ስለ ሐሳባቸውም ምንም አይናገርም።

የፓርኮች አገልግሎት ይህን ችግር ለማቃለል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጅምላ ፈቃድ የሚባል ዘዴ ይጠቀማል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የጎብኚዎች ማንነት፣ የጉዞ ሁኔታ፣ የአገልግሎት እርካታ፣ የመጨናነቅ ስሜት፣ ወጪ የመሳሰሉት የጥያቄ ዘርፎች በአንድነት አስቀድመው ይጸድቃሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥናት በጽድቁ ወሰን ውስጥ ከሆነ ሙሉውን የማስታወቂያ ጉዞ ሳይደግም ባጭር ግምገማ ያልፋል። ተመራማሪዎች ጥያቄዎቻቸውን የሚመርጡበት የታወቁ ጥያቄዎች ስብስብም ተዘጋጅቷል። ይህ ዘዴ ብዙ ጥናቶችን ከመቀበር አድኗል፤ ደግሞም በልዩ ልዩ ፓርኮች የተገኙ መልሶች እንዲነጻጸሩ ረድቷል።

ሆኖም አጭሩ መንገድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ጥናቱ ጫናው አነስተኛና አከራካሪ ያልሆነ መሆን አለበት። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ፓርክ ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ አከራካሪው ነው። የመግቢያ ዋጋ ይጨመር? መኪና ይከልከል? የባርነትና የጦርነት ታሪክ በመታሰቢያ ስፍራዎች እንዴት ይተረክ? መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ እንደ ሆነ መጠየቅ ቀላል ሲሆን፣ እነዚህን መጠየቅ ረጅሙን መንገድ ይጠይቃል። ሥርዓቱ ማንንም በግልጽ ሳይከለክል፣ ጥያቄዎችን ወደ ምቹዎቹና ወደ ቀደሙት ያዘነብላል።

በበሩ ላይ የሚደረግ ጥናት ሌላም ጉድለት አለው፤ ያልመጣውን ሰው አያገኝም። የፓርኮች አገልግሎት በ2000፣ ቀጥሎም በ2008 እና 2009 መላውን የአሜሪካ ሕዝብ በስልክ ያስጠናው ለዚህ ነበር። ጥናቶቹ ነጭ ያልሆኑ አሜሪካውያን፣ በተለይም ጥቁሮች፣ ከሕዝቡ ድርሻቸው ባነሰ መጠን ፓርኮቹን እንደሚጎበኙ አሳዩ። እንዲህ ያለ እውነት በመኪና ቆጠራም ሆነ በበር ላይ መጠይቅ ሙሉ በሙሉ አይገኝም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን መጠየቅ ግን ከባዱን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አሁን አቋሜን ልናገር። ቀደም ብዬ ልብ እንድትሉ የጠየቅሁትን አስታውሱ። ፓርኩ «አስተያየት ያላችሁ ጻፉልን» ካለ ፈቃድ አያስፈልገውም። በዚህ መንገድ የሚጽፈው ማን ነው? ጊዜ ያለው፣ የተደራጀ፣ ጠበቃ ያለው፣ በጉዳዩ የተቆጣ። በአንጻሩ ፓርኩ በዕጣ መርጦ፣ ዝምተኛውንም አሰልቺውንም መንገደኛ በእኩል ዕድል ለመጠየቅ ካሰበ ወራት ይጠብቃል። የሕጉ አውጪዎች ይህን አላሰቡም ብዬ አምናለሁ፤ ውጤቱ ግን ድምፁ የጎላውን በነጻ መስማት፣ ድምፁ ያልተሰማውን ለመስማት ግን ዋጋ መክፈል ሆኗል። መጠየቅ ሲከብድ መሥሪያ ቤት መጠየቁን ይተዋል፤ ውሳኔውን ግን አይተውም።

ስለዚህ ሕጉ ይሻር አልልም። የዜጋ ጊዜ ክቡር ነው፤ ደካማ መጠይቅም ከዝምታ ይልቅ ይጎዳል፤ የውሸት ዕውቀት ይፈጥራልና። የምለው ሚዛኑ ሁለት ጎን ይኑረው ነው። የአንድ ጥናት ጫና በሰዓት ከተለካ፣ ባለ መጠየቅ የሚደርሰው ጉዳትም ከጎኑ ይጻፍ፦ ጥናቱ ባይደረግ ውሳኔው በምን ላይ ይመሠረታል? የማን አስተያየት ብቻ ይቀራል? አሥራ አምስት ደቂቃ በፈቃዱ የሚሰጥ ጎብኚ ቅጽ እንዲሞላ እንደሚገደድ ነጋዴ መታየት የለበትም፤ ለብዙዎቹ መጠየቁ ራሱ ክብር ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ ተራሮች ወይም በአዋሽ ፓርክ ጥናት ልታደርጉ የምትነሡ ተማሪዎች የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን መሄዳችሁ የታወቀ ነው። ደብዳቤው እናንተ እነማን እንደ ሆናችሁ ይመሰክራል። በፓርኩ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ፣ አስጎብኚውና በቅሎ አከራዩ ከእናንተ በፊት ለስንት ተማሪ ተመሳሳይ ጥያቄ እንደ መለሱ፣ ከመልሳቸውም ምን እንዳገኙ ግን ደብዳቤው አይናገርም። የአሜሪካኖቹን ቢሮ መቅዳት አያስፈልገንም፤ ጥያቄያቸውን ግን በራሳችን ላይ ብናነሣ መልካም ነው። መጠይቃችሁን ከማባዛታችሁ በፊት በአንድ ገጽ ጻፉ፦ ይህን ማን ያውቀዋል? ከዚህ ቀደም ተጠይቆ መልሱ የት አለ? የስንት ሰው ስንት ሰዓት እወስዳለሁ? መልሱን የሚጠቀምበትስ ማን ነው?

እነዚህን ለመመለስ የማንም ማኅተም አያስፈልግም።