በእረፍት ሰዓት ሜዳው ለምን ባዶ ሆነ?

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ አንድ ጥቁር መስታወት ነው። ጥቁር መስታወት ስላችሁ የፀሐይ መነጽር እንዳይመስላችሁ። ካሜራ ሌንስ ላይ የሚገጠም፣ ኤንዲ ፊልተር የሚባል ክብ መስታወት ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት በሚኒ ሚዲያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው ፎቶ ነው። አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። የተነሳው በእረፍት ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ዛፉ አለ፣ ባንዲራው የሚሰቀልበት እንጨት አለ፣ የኳሱ ግብ አለ። ተማሪ ግን የለም! በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ስንት ሰው እንደሚተራመስ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ጥርት ብሎ የሚታየው፣ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ፎቶው እንደተለጠፈ ወሬው በዛ። አንዱ «ፎቶሾፕ ነው» አለ፤ ሌላው «እሁድ መጥተው ነው ያነሱት» አለ። ይሄ ምንም አይደለም። ያልወደድኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። «ሁሉም ጠፍቶ እሱ ብቻ ለምን ቀረ? ጂኒ አለበት» ተባለ። በማግስቱ ልጁ ሲያልፍ «ጂኒው መጣ!» እያሉ የሚሮጡ ልጆች አየሁ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማስረዳትም ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

ካሜራ ብርሃን እንዴት ይቀዳል?

ካሜራን እንደ ጀሪካን፣ ብርሃንን ደግሞ እንደ ውሃ አስቡት። ጀሪካኑ ልክ አፉ ድረስ ሲሞላ ፎቶው ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ሳይሞላ ከተዘጋ ፎቶው ይጨልማል። ሞልቶ ከፈሰሰ ደግሞ ፎቶው ነጭ በነጭ ይሆናል። ቧንቧውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የካሜራ ክፍል ሸተር ይባላል።

በጠራራ ፀሐይ ብርሃኑ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው። የካሜራውን አይኤስኦ 100 ላይ አድርገን፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 22 እስከሚባለው ድረስ ብናጠብበው እንኳ የሚያስፈልገው ጊዜ የሰከንድ 1/50 ገደማ ብቻ ነው። ማለትም አንድ ሰከንድ ለሃምሳ ተካፍሎ አንዷ ድርሻ ናት። በዚህች ጊዜ ውስጥ የሚሮጥ ልጅም ቢሆን ብዙም ሳይርቅ ይያዛል። «እስቲ ሸተሩን 20 ሰከንድ ክፍት እናድርገው» ብንልስ? ፎቶው ባዶ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ውሃ ሲቀንስ ቧንቧው ጠብ ጠብ እያለ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደምንቆም ታውቁታላችሁ። ኤንዲ ፊልተርም ብርሃኑን ጠብታ ያደርገዋል። ጀሪካኑ መሙላቱ አይቀርም፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው።

ለቀለም የማያዳላ ጥቁረት

ኤንዲ ማለት ምህጻረ ቃል ነው። ሐሳቡ ሲተረጎም ለማንም ቀለም የማያዳላ ጥቁረት እንደማለት ነው። ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሰማያዊውንም እኩል ይቀንሳል። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም የነገረኝ ፎቶ ቤት ያለው አጎቴ ነው። ሥራ ሲጀምር ፊልተር መግዣ ስላልነበረው የበያጆችን ጥቁር መስታወት በላስቲክ ሌንሱ ላይ አስሮ ጣናን አነሳ። ጊዜው እንደፈለገው ረዘመለት። ግን ሐይቁም፣ ሰማዩም፣ ጀልባዋም አረንጓዴ ሆነው ወጡ። የብየዳ መስታወቱ ለአረንጓዴ ያደላ ነበራ!

የፊልተር ጉልበት የሚቆጠረው በግማሽ በግማሽ ነው። ብርሃኑን አንድ ጊዜ በግማሽ መቀነስ አንድ ስቶፕ ይባላል። ባለ 3 ስቶፕ ከሆነ 2 × 2 × 2 = 8፤ ስለዚህ ከብርሃኑ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ያሳልፋል። ባለ 6 ስቶፕ አንድ ስልሳ አራተኛውን ያሳልፋል። ባለ 10 ስቶፑ ደግሞ 2ን አሥር ጊዜ ስናባዛ 1,024 ስለሚሆን፣ ተጠጋግቶ ኤንዲ 1000 ይባላል። በዓይን ስታዩት ድፍን ጥቁር ነው የሚመስለው።

አሁን የሂሳብ መምህራችን ደስ የሚላቸውን እንሥራ። ያለ ፊልተር 1/50 ሰከንድ የሚፈልግ ፎቶ በኤንዲ 1000 ስንት ይፈልጋል? 1000 ÷ 50 = 20 ሰከንድ። ሁለት ፊልተር ከደራረብንስ? ቁጥሮቹ አይደመሩም፣ ይባዛሉ። እኛ ኤንዲ 1000 እና ኤንዲ 8 ደራርበን ነው ያነሳነው። 1000 × 8 = 8000፤ 8000 ÷ 50 = 160 ሰከንድ። ይሄ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው።

ታዲያ ልጆቹ የት ሄዱ?

የትም አልሄዱም፣ ሁላችሁም እዚያው ነበራችሁ። ነገር ግን የሚሮጥ ልጅ አንድ ቦታ ላይ የሚቆየው ቢበዛ ግማሽ ሰከንድ ነው እንበል። ከ160 ሰከንድ ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ማለት ከ320 አንዱ እጅ ብቻ ነው። የቀረውን 319 እጅ ካሜራው ከልጁ ኋላ ያለውን ሳር ነው ያየው። ስለዚህ ሳሩ ያሸንፋል። ፎቶውን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ቧንቧው አጠገብ እንደ ጭስ ያለ ነገር አለ። እሱ ውሃ ለመጠጣት የተሰለፉት ልጆች ናቸው፤ ትንሽ ስለቆሙ ትንሽ ታዩ። ዛፉ ሥር ያለው ልጅ ግን 160ውንም ሰከንድ እዚያው ስለነበረ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ጂኒ የለበትም።

እንዲህ ዓይነት ነገር በእኛ ትምህርት ቤት አልተጀመረም። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ፓሪስ ውስጥ ቡሌቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከከፍታ ላይ ሆኖ ፎቶ አነሳ። ያኔ ፎቶ የሚቀረጽበት ሳህን ብርሃን የሚቀበለው በጣም ቀስ ብሎ ስለነበር ያለ ምንም ፊልተር በርካታ ደቂቃዎች ፈጀ። ሰዉም ጋሪውም የሚበዛበት ጎዳና ባዶ ሆኖ ወጣ። አንድ ሰው ግን ቀረ። ጫማውን እያስጠረገ ስለነበር አንድ ቦታ ቆሟል። በፎቶግራፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ሰው እሱ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራለታል። አያችሁ፣ ሊስትሮ ጋ መቆም ታሪክ ያሠራል!

ፊልተሩ ለውሃም ይጠቅማል። አጎቴ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ወርዶ፣ ክረምት እንደወጣ ፏፏቴውን ባለ 64ቱን ፊልተር ገጥሞ አንስቶታል። 64 ÷ 50 ከ1 ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወርደው ውሃ አንድ ላይ ተደርቦ ነጭ ጭስ ይመስላል። ያን ፎቶ ሳይ አባቶቻችን «ጢስ» ያሉት ያለ ካሜራም ገብቷቸው ነው አልኩ።

መሞከር ለምትፈልጉ

አንደኛ፣ ካሜራውን ስታንድ ላይ አጥብቃችሁ አቁሙት። በእጅ ከያዛችሁት ዛፉም ሜዳውም ይደበዝዛል። ሁለተኛ፣ ፊልተሩን ሳትገጥሙ ፎኩሱን አስተካክሉና ወደ ማኑዋል አዙሩት፤ ከገጠማችሁ በኋላ ካሜራው ራሱ ማየት ያቅተዋል። ሦስተኛ፣ ያለ ፊልተር ስንት ሰከንድ እንደሚፈልግ ለክታችሁ አባዙ። አራተኛ፣ ፊልተሩን ቀስ ብላችሁ ግጠሙ። ከ30 ሰከንድ በላይ ከሆነ ብዙ ካሜራዎች ላይ ባልብ የሚባለውን መምረጥና ሰዓት ይዞ መቁጠር ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ በዓይን የሚታይበት የኋላ ቀዳዳ ካለው በጨርቅ ሸፍኑት፤ በዚያ በኩል ብርሃን ሾልኮ ይገባል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ አደራ የምላችሁ አለ። ፊልተሩን ሊያዩ ከመጡት ትንንሽ ልጆች አንዱ ወደ ፀሐይ ሊያይበት ሲያነሳው እጁን ያዝኩት። ኤንዲ ፊልተር ለካሜራ እንጂ ለዓይን አልተሠራም። የሚታየውን ብርሃን ቢቀንስም የማይታየውን ጨረር ሊያሳልፍ ይችላል። ዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ደግሞ ሲቃጠል ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ ሰውዬው የሚያውቀው ከተጎዳ በኋላ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትታይ ሰዎች ለዚያው የተሠራ መነጽር ያደርጉ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር መስታወት ሁሉ የፀሐይ ማያ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ልጁ። ሳላስፈቅደው ስለለጠፍኩት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ፎቶውን ላንሳው?» ስለው «ተወው ይቀመጥ» አለኝ። «ግን እንዴት ያን ሁሉ ጊዜ ሳትነቃነቅ ቻልክ?» አልኩት። «የት ልሂድ?» አለኝ። ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት ነው የመጣው፤ በእረፍት ሰዓት ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው። እኔ በየቀኑ በአጠገቡ እየሮጥኩ አልፋለሁ። በፎቶው ውስጥ ካልታዩት ልጆች አንዱ እኔ ብሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት፣ መምህራኖቻችን ከፈቀዱልን፣ ሁለተኛውን ፎቶ እናነሳለን። አጎቴ ካሜራውን ሊያውሰን ቃል ገብቷል። ልጁንም ጠይቄው እሺ ብሏል። መታየት የምትፈልጉ ዛፉ ሥር መጥታችሁ ከእሱ ጋር ተቀመጡ። የሚያስፈልገው 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆየት ብቻ ነው። ድንጋዩ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ የቀረው ሳሩ ላይ ይቀመጣል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!